ቼዛችንን ተዉልን!

ለምን ቼዝ እንደምጫወት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። «ስለምወደው ነዋ!» የሚለው መልሴ ግን ማንንም አያረካም። ሐኪም ቤት ስሄድ «ጎበዝ፣ ለአእምሮ ጥሩ ነው፤ እንዳያቋርጡ» እባላለሁ። የወንድሜ ልጅ ስልኬ ላይ የቼዝ መተግበሪያ ጭኖልኝ «ጋሼ፣ በየቀኑ ቢለማመዱበት እኮ ደረጃዎ ከፍ ይላል» ይለኛል። አንድ የዕድር ወዳጄ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጠጠር ሲገፉ መዋል የሽማግሌ ወግ አይደለም ባይ ነው። ሦስቱም ክፉ አያስቡልኝም። ሦስቱም ግን አንድ ነገር ሊነጥቁኝ ይፈልጋሉ፤ ያለ ሰበብና ያለ ማስረጃ የመደሰት መብቴን። እሱን አልሰጥም!

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ። የአስተማሪ ሕይወት ከጠዋት እስከ ማታ ምዘና ነው። ፈተና ታወጣለህ፣ ታርማለህ፣ ነጥብ ትሞላለህ፣ ደረጃ ታወጣለህ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ አንተኑ ይመዝንሃል። ማን አንደኛ ወጣ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ዕድገት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ጎልማሳነቴን በሙሉ ሲከተለኝ ኖሯል። ሥራዬን እወደው ነበር። ነገር ግን ጡረታ የወጣሁት ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከምዘናውም ጭምር ነው። ገበታ ፊት የምቀመጠው ነጥብ የማይሞላበት ሰዓት ፈልጌ ነው። እዚያም ድረስ ተከትላችሁኝ ሮስተር የምትዘረጉ ሰዎች፣ በቃችሁ!

ገበታችን የሚዘረጋው አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ አለ፣ ባንክ ቤት የሠራ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ። ጠጠሮቹ ከሁለት ሳጥን የተሰባሰቡ ናቸው፤ ከጥቁሮቹ ሩኮች አንዱ ጠፍቶ የጠርሙስ ክዳን ተተክቶበታል። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ የቀረው ሁሉ ይጮኻል። «ኧረ ንግሥትህን!» ይላል አንዱ። «ዝም በለው፣ ይማርበት!» ይላል ሌላው። ሹፌሩ ማጥቃት ይወዳል፤ ፈረሱን ሳይሳሳለት ወደ ባላጋራው ንጉሥ ይልከዋል፤ ሲሳካለት በረንዳው ይናወጣል፣ ሳይሳካለትም ይናወጣል። ሳያይ የሄደ ሰው «ይመለስልኝ» ካለ ይመለስለታል፤ ምክንያቱም ንግሥት በዝንጋታ ተበልታ የሚያልቅ ጨዋታ ለአሸናፊውም አይጥምም። የምንፈልገው ጥሩ ጨዋታ ነው። ማን እንዳሸነፈ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይረሳል፤ ያ የፈረስ መስዋዕትነት ግን ለሳምንት ይወራል።

በቅርቡ አንድ ውድድር የሚሳተፍ ወጣት ቆሞ ሲያየን ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቼዝ አይደለም» አለኝ። የነኩትን ጠጠር መጫወት ግዴታ ነው፣ የሄደ አይመለስም፣ ተመልካች አይናገርም። የጠቀሰው ሕግ ትክክለኛ ነው። የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር ያወጣው ነው፤ ለውድድርም ይገባል። የውድድር ሕግ ግን የጨዋታው ባለቤት አይደለም። አባቶቻችን ይህን ጨዋታ እንዴት እንደተጫወቱት የሚያውቅ ሰው በረንዳችን ላይ የሚሰማውን ጫጫታ ለመናቅ አይቸኩልም።

ቼዝ ለእኛ አገር የትናንት እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ የሚባለው የራሳችን ጨዋታ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ለዘመናት ሲዘረጋ ኖሯል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ይነገራል፤ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም ታሪኩንና ደንቡን ሰብስበው ጽፈውልናል። እኔን የሚያስደንቀኝ አጀማመሩ ነው። ተራ መጠበቅ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በፈለጉት ፍጥነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። እጃቸው የራሳቸውን ይገፋል፣ ዐይናቸው የባላጋራቸውን አሰላለፍ ይከተላል፤ ያኛው ሲለውጥ ይሄኛውም ይለውጣል። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አጀማመር ያሰበ ሰው መደሰት የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ጫጫታ የበዛበት ጨዋታ ነበር። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ ሐሳብ ይሰጣል፤ ጠጠር አንስቶ «እንዲህ ቢሆንስ» ብሎ ያሳያል። (ምክሩ ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ በሚያሸንፉበት መንገድ በብልሃት ይሰጥ እንደነበርም ሶልት ሳይጠቅሰው አላለፈም።) ጌታና አገልጋይ በአንድ ገበታ ዙሪያ አብረው የሚሟገቱበት ሰዓት በዚያ ዘመን ስንት ነበር? ይህን የፈጠረው ደረጃ አይደለም፣ ዋንጫም አይደለም። ጨዋታ ነው።

ሌላም አለ። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ በምን አሸነፍክ ይባላል። በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ በሩክና በፈረስ፣ ንጉሥ መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በደካማው ፊል ወይም በእግረኛው መደቅ መጨረስ ግን ይደነቅ ነበር። ውጤቱ አንድ ነው፤ ክብሩ የተለያየ ነው። ዛሬ «አሸነፍክ ወይስ ተሸነፍክ?» ከሚለው ጥያቄ ወዲያ ማየት የተሳነን እኛ ነን እንጂ እነሱ አልነበሩም።

«ያ የድሮ ነው፤ ዘመናዊው ቼዝ ቁም ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ዘመናዊውን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ተካሄደ። ያሸነፈው አዶልፍ አንደርሰን የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ቼዝ የሚወድ ሰው ሁሉ ስሙን የሚያነሣው ግን ዋንጫ ባስገኙለት ጨዋታዎች አይደለም። በውድድሩ መሐል፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋር ለመዝናናት በተጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። ሁለቱን ሩኮች፣ አንድ ቢሾፕና በመጨረሻም ንግሥቱን አስበልቶ በቀሩት ትናንሽ ጠጠሮች ንጉሡን ያዘ። ዓለም «የማይሞተው ጨዋታ» ብሎ የሰየመው ያንን ነው። ሽልማት የለበትም፤ ማንም ነጥብ አልያዘበትም።

ከ7 ዓመት በኋላ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ፣ በኦፔራ ቤት ሎጅ ተቀምጦ፣ የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ ከአንድ መስፍንና ከአንድ ኮንት ጋር ተጫወተ። ሁለቱ እየተማከሩ አንድ ሆነው ገጠሙት፤ መመካከር ክልክል ነው ያላቸው የለም። ሞርፊ ንግሥቱን ሰጥቶ በ17ኛው እርምጃ ጨረሰው። ዛሬ ቼዝ የሚያስተምር ሰው ለልጆች በመጀመሪያ ከሚያሳያቸው ጨዋታዎች አንዱ እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ቼዝ ካፈራቸው ውብ ነገሮች ሁለቱ የተወለዱት በሻይ ቤታችን በረንዳ ዓይነት መንፈስ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚጠራው ቁጥር የአርፓድ ኢሎ ሥራ ነው፤ ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። ቀመሩ ብልህ ነው። ከማን ጋር ብትጫወት ምን ያህል የማሸነፍ ዕድል እንዳለህ ይገምታል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ኢሎ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ የተጫዋችን ደረጃ መለካት ውኃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል ቡሽን በነፋስ በሚወዛወዝ ገመድ ላይ በታሰረ ዘንግ እንደ መለካት ነው ብሎ ነበር። ፈጣሪው በዚህ ትሕትና የያዘውን ቁጥር እኛ የሰው ክብር መለኪያ አደረግነው! አንድ ጡረተኛ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል «ደረጃዎ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ምን ይጠጣሉ?» ነው የሚባለው።

መወዳደር የሚፈልግ አረጋዊ ይወዳደር። ዕድሜያቸው ከ50 እና ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች የዓለም ሻምፒዮና አለ፤ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቫሲሊ ስሚስሎቭም 60 ዓመት ካለፈው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣቱን ካስፓሮቭን እስከ መግጠም ደርሷል። አከብራቸዋለሁ። እኔ የምቃወመው ያ ብቸኛው የተከበረ መንገድ ነው መባሉን ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ደግሞ ሐኪሞቹ የሚሉትን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸውን 469 ሰዎች ተከታትሎ፣ የሚያነብቡ፣ ገበታ ላይ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወቱና የሚደንሱ ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ደስ ይላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥናት ጨዋታው በሽታውን ይከላከል ወይስ በሽታው ሲጀምር ሰዎች ጨዋታ ይተዉ እንደሆነ ለይቶ አይነግረንም። ቢነግረንም ለእኔ ለውጥ የለውም። ነገ ጠዋት ቼዝ ለአእምሮ አንዳች አይረባም የሚል ጥናት ቢወጣ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ታገኙኛላችሁ! የሽማግሌን ደስታ ሁሉ ወደ ክኒን የሚለውጥ ፍቅር ሽማግሌውን ሰው መሆኑን ትቶ በሽተኛ ብቻ አድርጎ የሚያይ ፍቅር ነው።

የወንድሜ ልጅ መተግበሪያም ከዚሁ ወገን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩ ስህተትህን በቀይ ያሰምርልሃል። ማሽን ከሰው መብለጡ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር ካስፓሮቭን ኒው ዮርክ ውስጥ የረታው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሹፌሩ ወዳጄ በፈረሱ ሲያጠቃ ልቡ የሚመታውን ግን ማሽኑ አያውቀውም፤ «ስህተት» ብሎ ያልፈዋል። ስለ ደስታ የሚጠራጠር ሰው ወደ ማግነስ ካርልሰን ይመልከት። በዓለም ደረጃ አንደኛ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለማስጠበቅ ዳግመኛ እንደማይጫወት ተናገረ፤ ለዚያ ግጥሚያ ፍላጎት የለኝም አለ። ዘውዱን ትቶ ደስ የሚሉትን ጨዋታዎች መጫወቱን ግን ቀጠለ። በዚህ ጨዋታ ከሁሉም የበለጠው ሰው ደስታውን ካስቀደመ፣ እኛን የሚከለክለን ማነው?

የሚያንገበግበኝ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጮኽኩ። የምንጫወትበት ቦታም እያለቀ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲዛወር፣ ቤቱ ብቻ አልተነሣም፤ ዳማ፣ ካርታና ቼዝ ይዘው በየደጃፉ የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎችም ተበትነዋል። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ቼዝ ሊጫወት የሚመጣ ጡረተኛ የለም፤ አቅሙም ገንዘቡም አይፈቅድለትም። ካፌዎቹም ወንበሩ ቶሎ እንዲለቀቅ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ሻይ ብዙ የሚቀመጥ ሰው አይወደድም። አዲሶቹ መናፈሻዎች ያማሩ ናቸው። አግዳሚ ወንበሮቻቸው ግን መንገዱን ለማየት እንጂ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲጫወት አልተሠሩም።

በረንዳችን ላይ ሴት አለመኖሯም ሊነገር ይገባዋል። እኩዮቻችን የሆኑ ጡረተኛ ሴቶች ከሥራ ቢወጡም ከጓዳ አልወጡም፤ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ስለ ጨዋታ መብት የምናገር ከሆነ ስለ እነሱም መናገር አለብኝ። ለእናታችሁ ከሰዓት በኋላዋን መልሱላት!

ለከተማው ሹማምንት የምጠይቀው ጥቂት ነው። በየመናፈሻው ጥቂት የድንጋይ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ስልሳ አራት ቤት የተቀረጸበት፣ ግራና ቀኝ ወንበር፣ ከላይ ጥላ። ዳማም ይሆናል፣ ቼዝም ይሆናል። ጥበቃዎቹም አረጋውያን ሲጮኹ ሰምተው እንዳይሮጡ ይነገራቸው።

ጡረታ የወጣ አባት ወይም እናት ያላችሁ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ገበታ ይዛችሁ ሂዱ። መተግበሪያውን አትጫኑላቸው፣ ስለ አእምሮ ጥቅሙ አታስረዷቸው። ነጩን ስጧቸውና ተቀመጡ። «ይመለስልኝ» ካሉም መልሱላቸው።