የጂዛን ተራሮችና የዩራኒየም ፍለጋ፡ የጨረራ ካርታ ምን ያህል ይታመናል?

ሳዑዲ ዓረቢያ በ“ራዕይ 2030” ማዕድንን የኢንዱስትሪዋ ሦስተኛ ምሰሶ ለማድረግ አቅዳለች። የኢነርጂ ሚኒስትሩ ልዑል አብዱልአዚዝ ቢን ሰልማንም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አገራቸው ዩራኒየም አበልጽጋ እንደምትሸጥ አስታውቀዋል። ከዚህ በኋላ ግራናይት የሚገኝበት ተራራ ሁሉ በተስፋ ቢታይ አያስገርምም። ከየመን በሚዋሰነው የጂዛን ክልል ግን ተስፋው በጥንቃቄ ሊመዘን ይገባዋል።

ፍለጋው ዘወትር የሚጀምረው ከአየር ነው። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ከዓለቱ የሚወጣውን የጋማ ጨረራ ይለካል። መሣሪያው የሚያነበው ግን ዩራኒየምን ራሱን ሳይሆን ከእርሱ መፈራረስ የሚገኘውን ቢስመዝ 214 ነው። ስለሆነም ውጤቱ ቀጥተኛ ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። ከዚህም በላይ ጨረራው የሚመጣው ከላይኛው ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሳምጣና በአቡ አሪሽ ዙሪያ ያለው የቲሃማ ሜዳ በደለልና በአሸዋ የተሸፈነ በመሆኑ፣ ከሥሩ ያለው ዓለት ለዚህ መሣሪያ አይታይም። የመግኔጢስና የስበት ጥናቶች የተቀበረውን ዓለት ቅርጽ ይጠቁማሉ፤ ዩራኒየም ስለመኖሩ ግን አይመሰክሩም።

በተራራማው ምሥራቅ ዓለቱ ገሃድ ቢሆንም ከፍተኛ ንባብ ብቻውን የማዕድን ክምችት ማስረጃ አይሆንም። አንድ ቶን ተራ ግራናይት ከ3 እስከ 5 ግራም ያህል ዩራኒየም ይይዛል። ዩራኒየምና ቶሪየም አብረው ከጨመሩ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው የዓለቱ የተፈጥሮ ባሕርይ ነው። ቶሪየም ባለበት ሆኖ ዩራኒየም ብቻ በስንጥቆች መሥመር ሲያይል፣ ውኃ አጥቦ ወስዶ አከማችቶት ሊሆን ስለሚችል ቦታው ለናሙናና ለቁፋሮ ይመረጣል።

የብሪታንያው ጋዜጣ ጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ2020 እንደዘገበው፣ ከቻይና ጋር በተደረገው ፍለጋ ከ90 ሺህ ቶን በላይ ዩራኒየም ሊገኝ እንደሚችል ተገምቷል። ቦታዎቹ ግን በአገሪቱ መካከለኛና ሰሜን ምዕራብ ክፍሎች የሚገኙ ናቸው፤ ግምቱም ተጨማሪ ጥናት የሚሻ ነበር።

በጂዛን ተራሮች እርከኖች ላይ፣ በፋይፋና በአል ዳየር፣ የኻውላኒ ቡና ይለማል። የአመራረቱ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በካርታ ላይ በደመቀ ቀለም ብቻ ተመርቶ እርከንን ማፍረስ፣ ላልተረጋገጠ ሀብት ሲባል የተረጋገጠውን ማጣት ይሆናል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ቀይ ባሕር ከመከፈቱ በፊት አንድ የነበረው የዓረቢያና የኑቢያ ጥንታዊ ዓለት በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያም ይገኛል። በዚህም ሆነ በዚያ፣ የአየር ቅኝት የት መቆፈር እንደሚገባ ይጠቁማል እንጂ ምን ያህል ሀብት እንዳለ አይወስንም።