ጌታቸው መኩሪያን «ያበላሸው» ማን ነው?

የኔዘርላንዱ የፐንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» ከሳክስፎን ንጉሡ ጌታቸው መኩሪያ ጋር የሠራውን «ሞአ አንበሳ» አልበም ለአንድ «የባህል ተቆርቋሪ» አሰሙትና ፊቱን ተመልከቱ። ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ይሄ ጩኸት ነው፤ ዜማችንን አበላሹት!»

ለመሆኑ ፉከራ ጩኸት ካልሆነ ምንድን ነው? ፉካሪው ጦሩን እየሰበቀ የሚንጎራደደው እንግዳ ለማስተኛት ነው? ሽለላ የተፈጠረው ደም ለማፍላት፣ ፈሪውን ከተቀመጠበት ለማስነሳት ነው። የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው ደግሞ የሸላዩን ድምፅ ወስዶ ሳክስፎን ላይ ጫነው። ሳክስፎን የአንድ ቤልጂጋዊ ፈጠራ ነው። ከመሰንቆና ከዋሽንት ጎን ያደገ መሣሪያ አይደለም። ሳክስፎኑን «የእኛ» ብሎ ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ጊታሩን «ባዕድ» የሚል ሰው ባህል እየጠበቀ አይደለም፤ የለመደውን እየጠበቀ ነው።

ደግሞስ ማን ማንን መረጠ? እ.ኤ.አ. በ2004 ጌታቸው የባንዱን 25ኛ ዓመት በዓል ምክንያት በማድረግ አምስተርዳም ተጋበዘ። ከዚያ በኋላ አብረውት አልበም እንዲሠሩ የጠየቃቸው ራሱ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈ ሰው ነበር። የሚያደርገውን አያውቅም ነበር ማለት ድፍረት ነው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ሌላ አልበም ደገሙ። አንጋፋው እስከ ሰማንያዎቹ ዕድሜው አካባቢ የወጣት ትንፋሽ ነበረው።

አንድ ተገቢ ስጋት አለ። ፈረንጅ ዜማችንን ወስዶ፣ ባለቤቱን ረስቶ፣ ስሙን የራሱ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ሲሆን መጮኽ ያስፈልጋል። እዚህ ግን ባለቤቱ መድረኩ መሐል ቆሟል፤ ስሙ ከሽፋኑ ላይ አለ፤ ዜማውን የመረጠው እሱ ነው። መለኪያው ይሄ ይሁን እንጂ የጊታሩ ድምፅ መጠን አይሁን።

ባህሉን የሚገድለውን ማየት የፈለገ ሌላ ቦታ ይመልከት። «የባህል ምሽት» በሚባለው የራት ዝግጅት ፉከራው በኪቦርድ ታጅቦ ለጎብኚ ፎቶ ይቀርባል። አዝማሪው ባለጊዜውን በቅኔ መሸንቆጡን ትቶ ለከፈለ ሁሉ ውዳሴ ያዘንባል። ፐንክ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሲነሳ ያለው ነገር ቀላል ነበር፦ ዲፕሎማ ሳትጠብቅ፣ ባለህ መሣሪያ፣ የሚያንገበግብህን ተናገር። አንድ ጭራ ብቻ ባላት መሰንቆ ጌታውን ፊት ለፊት ለሚወጋ አዝማሪ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ ፈረሰች። ከጌታቸውና ከ«ዘ ኤክስ» ጋር መድረክ ላይ የጨፈረው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃም ለዓመታት ከኖረበት ግቢ ለቀቀ። አዝማሪ ቤት ሲፈርስ ዝም ያለ አንደበት፣ ጊታር ሲጮኽ «ባህሌ ተነካ» ቢል ማን ያምነዋል?

ጌታቸው በ2016 አረፈ። ሽለላውን በሙዚየም መስታወት ውስጥ አላስቀመጠውም፤ እንዳገኘው እየነደደ ትቶልን ሄደ። የሚያቃጥለው ካለ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እሳቱን ግን አያጥፋ።