ለልደት በዓል ጉዞ ማደሪያ ስለ መምረጥ

ባለፈው ወር አንድ አንባቢያችን ደብዳቤ ጽፎልናል። ወንድሙ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከአሜሪካ ለልደት በዓል ይመጣል፤ እናታቸው ሰማንያኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ቤተ ሰቡም ዐሥራ አንድ ነፍስ ሆኖ በዓሉን በላሊበላ ለማክበር ቈርጦአል። «ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ሁሉ የሚስማማውን ማደሪያ እንዴት አድርገን እንምረጥ?» ሲል ይጠይቀናል።

እኛ የሆቴል ደላላ አይደለንምና የቤት ስም ጠርተን «እዚህ ግቡ» ማለት አይገባንም። ነገር ግን በዚህ ጕዳይ አንድ ጊዜ በጽኑ የተሳሳትን ስለ ሆንን፣ ስሕተታችንን ብንነግረው ሳይጠቅመው አይቀርም።

በ2011 ዓ.ም. እናታችን ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። ላሊበላን ሳይሳለሙ እንዳይሞቱ ዘወትር ይመኙ ስለ ነበር፣ ልጆቻቸው ሁላችን ተሰብስበን የዚያን ዓመት ልደት በዚያ ልናከብር ተስማማን። ማደሪያ የመፈለጉ ሥራ ለእኛ ተሰጠ፤ የተማረ ነው ተብሎ መሆኑ ነው። እኛም ፎቶግራፍ አየን። ቤቱ በገደል አፋፍ የተሠራ ነው፤ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ሲመለከቱ የላስታ ተራራ እንደ ባሕር ሞገድ ተደራርቦ ይታያል። ዋጋውም ከሌሎቹ ጥቂት ይቀንስ ነበርና ደስ እያለን ቀብድ ላክን። ከዚያ ቤት እስከ ቤተ ማርያም ምን ያህል መንገድ እንደሆነ አልጠየቅንም። ስለ ደረጃውም አልጠየቅንም።

በደረስን ጊዜ የተሰጡን ክፍሎች ፎቅ ላይ ሆነው ተገኙ፤ አሳንሰር የለም። የእናታችን ጕልበት የታመመ ስለ ነበር አንዱ ልጅ ከፊት አንዱ ከኋላ እየደገፋቸው ወጡ። ይህስ ይሁን። በዋዜማው ማታ በመኪና ወስደን ከሕዝቡ መካከል አስቀመጥናቸው፤ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ብርዱ ስለ ጸናባቸው «ጥቂት ዐረፍ ብለው በንጋት እንመለሳለን» ብለን ወደ ሆቴሉ መለስናቸው። በንጋት ግን መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞልቶ መኪና ቀርቶ ባጃጅም የሚያልፍበት አልነበረም። ዐቀበቱን በእግራቸው ጀመሩ። ከግማሹ ላይ ሲደርሱ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሩቅ የከበሮው ድምፅ ይሰማ ነበር። እናታችንም ወደ እኛ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ከዚህም እኮ ይሰማል» አሉን። እንዳናዝን ብለው እንደ ተናገሩት እናውቃለን፤ ስለዚህም ይልቁን አዘንን።

ያመለጣቸው ምን እንደ ሆነ ላላየው አንባቢ ጥቂት እንናገር። ከዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ማርያም ከቤተ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በዙሪያው ባለው የዐለት ግንብ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ስፍራ፣ ካህናቱ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሌሎቹም ከታች በቅጥሩ ውስጥ ይሆናሉ፤ እየተቀባበሉም ያሸበሽባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ይህም ቤዛ ኵሉ የሚባለው ሥርዓት ነው። የላሊበላ ልደት የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀንም ስለ ሆነ በዓሉ እጥፍ ነው። ታዲያ የጉዞው ሁሉ ፍሬ በዚያች በጧት ጥቂት ሰዓት ውስጥ ተጠቃልሎ ሳለ፣ እኛ የተራራ መልክ አይተን ማደሪያ ያዝን።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር እግርን መቍጠር ነው። ሆቴሉን በስልክ ሲጠይቁ «ቅርብ ነውን?» አይበሉ፤ ሁሉም ቅርብ ነው ይላቸዋልና። «አንዲት ሽማግሌ ሴት ምርኵዝ ይዘው ከእናንተ ዘንድ ተነሥተው ቤተ ማርያም ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? መንገዱ ዐቀበት ነው ወይስ ቍልቍለት?» ብለው ይጠይቁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ተዳፋት ላይ ስለ ሆነ፣ በካርታ ላይ አንድ ጣት የሚሆነው ርቀት በእግር ሲሄዱት ሌላ ነገር ነው። ከውጭ አገር የሚመጡት ልጆችም በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ራስ ምታትም ይይዛቸዋል። ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ መግባት መልካም ነው የምንለው ስለዚህ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና ሆቴሉ መኪና የሚልክ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይታወቅ።

የቀኑ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልደት ታሕሣሥ 29 ቀን ነው ብለን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ጳጕሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታሕሣሥ 28 ቀን ይውላል። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖአል፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይሆናል። በውጭ ያለው ወንድም በፈረንጅ አቈጣጠር ጃንዋሪ 7 ብሎ ቢይዝ አይሳሳትም፤ ያልፍበታል ብለን የምንፈራው በአገር ቤት ያለው ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሆቴል ቀኑን የሚቈጥረው እንደ እኛ ከጧት ጀምሮ አይደለም። ብዙዎቹ እንግዳው በቀትር ክፍሉን እንዲለቅ ይጠይቃሉ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሽማግሌ ጧት 3 ሰዓት ተመልሶ ገና ዐይኑን ሳይከድን «6 ሰዓት ደርሷልና ውጡ» ቢባል ምን ይሆናል? የበዓሉን ዕለት ሌሊት ጨምሮ መክፈል ይሻላል፤ ገንዘቡ የሚጐዳ ቢመስልም።

ስለ ክፍሎቹ ብዙ አንናገርም። ለእናትየው በምድር ቤት ያለውን፣ መታጠቢያውና የመጸዳጃው መቀመጫ በዚያው በክፍሉ ውስጥ የሆነውን መያዝ ነው። ሙቅ ውሃ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ መጠየቅ ነው። የታሕሣሥ ሌሊት በላስታ ይበርዳልና ብርድ ልብስ ይበቃል ቢሏችሁም ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ለአያትየው ብቻውን የሆነ ትልቅ ክፍል ከመስጠት ይልቅ አንዲቱን የልጅ ልጅ አብራ እንድታድር ማድረግ ይሻላል፤ ሌሊት ውሃ የምታቀብላቸው፣ መብራቱን የምታበራላቸው ትሆናለች፤ ልጅቱም ከአሜሪካ የመጣችው ለዚህ አይደለምን? ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚዘጋጁም ካሉ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ቢያድሩ የክፍሉ ቍጥር ያንሳል፤ ኪራዩም ይቀንሳል።

የምግቡ ነገርም እንዲሁ አስቀድሞ መነገር አለበት። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። ሆቴሉ ቍርስን ከኪራዩ ጋር አጣምሮ ዕንቍላልና ቅቤ ያቀርባል፤ እናትየው ግን እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ያልተበላ ቍርስ መክፈል ስለማይገባ፣ «ቍርሱን ትታችሁ ወደ ማታ የጾም ራት አድርጉልን» ብሎ መዋዋል ይቻላል። የሚቀበል ቤት አለ፤ የማይቀበልም አለ። ለሕፃናቱ ግን ዳቦ ቆሎና በሶ ከቤት ይሰነቅ። በበዓሉ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዶሮ ወጥ ስለሚፈልግ ሳይቀድሙ ያዘዘ ሰው ባዶ ሆዱን ሲጠብቅ ይውላል።

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል እንጨምር፤ በቤተ ሰብ መካከል ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነውና። የውጭ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ሌላ ዋጋ የሚጠይቁ ሆቴሎች አሉ። ስለዚህ አንዱ ወንድም ለአንድ ዓይነት አልጋ ከሌላው የበለጠ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህም ጋር ከውጭ የመጣ ሁሉ ባለጸጋ ይመስለናል፤ ሒሳቡ ሲመጣም ሁሉም ዐይኑን ወደ እርሱ ያቀናል። እርሱም ኀፍረት ይዞት ይከፍላል፤ በልቡ ግን ይቈጥራል። እናትየውም ይህን ያያሉ፤ ምግቡም አይጥማቸውም። ከመነሣታቸው በፊት በአዲስ አበባ ሳሉ ማን ምን እንደሚከፍል ቢነጋገሩና የአገር ቤቱ ልጆች ቢያንስ የእናታቸውን አልጋ ቢይዙ እንመክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱ ጸጥታ ይጠየቅ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ላሊበላ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ መንገደኛ አግዶአል። በአውሮፕላን ቢሆን ከአዲስ አበባ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም፤ በመኪና ግን በደሴና በወልድያ በኩል ረጅም መንገድ ነው፤ የዕለቱን ሁኔታ በዚያ ካለ ሰው ሳያረጋግጡ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መነሣት አይገባም። ስለዚህም ቀብድ በሚከፈልበት ጊዜ በረራ ቢቀር ወይም መንገድ ቢዘጋ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይያዝ። የሚያንገራግር ቤት ቢሆን ሌላ ይፈለግ።

እኛ በ2012 ዓ.ም. እናታችንን ይዘን ደግመን ሄድን። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዐረፉ። እንግዲህ ያን ዓመት ባንሄድ ኖሮ ሌላ ጊዜ አልነበረንም።

በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ አላየንም፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ መሆኑንም አስቀድመን ቈጠርን። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጥቂት እርምጃ ርቃ ያለች፣ ክፍሎቿ በአንድ ግቢ ዙሪያ የተሠሩ፣ ደረጃ የሌላት አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አገኘን። የሚታይባት ተራራ የለም፤ መስኮቷ የጎረቤት አጥር ላይ ነው የሚከፈተው። ቀብዱን ከመላካችን በፊትም ባለፈው ያላደረግነውን አደረግን፤ እናታችንን ራሳቸውን ጠየቅን። «እማማ፣ ምን ዓይነት አልጋ ይፈልጋሉ?» አልናቸው። እርሳቸውም «አልጋው ለልጆቹ ይሁን፤ እኔስ ከሰው መካከል ነው የማድረው» አሉ። በእግሩ ብዙ ቀን ተጕዞ የመጣው፣ የከተማው ሰው እግሩን እያጠበ የሚቀበለው ምእመን በሜዳው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ በክፍል ውስጥ ማደር አልወደዱም።

ስለዚህ ታሕሣሥ 27 ቀን ማታ ሁለት ጋቢ ደርበን፣ ፍራሽ ተሸክመን ከቤተ ማርያም አጠገብ አስቀመጥናቸው። እኛ ሁለት ጊዜ ወደ ማረፊያዋ ተመልሰን ሻይ አመጣን፤ ሕፃናቱ ሲያንቀላፉ እየወሰድን አስተኛናቸው፤ ቅርብ ስለ ነበር ማንም አልተቸገረም። ሲነጋ ቤዛ ኵሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው፣ ሲደክማቸውም ተቀምጠው አዩ። ጧት 3 ሰዓት ሲሆን በራሳቸው እግር ወደ ማረፊያዋ ገብተው ተኙ። የቤቱ ባለቤት ልጆቻችን እንዳይጮኹ ወደ ማድ ቤት ጠርታ ዳቦ ትቈርስላቸው ነበር። እናታችን 10 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ በመጀመሪያም «ልጆቹ በልተዋል?» ብለው ጠየቁ።