ነጂ የሌለው አውቶሞቢል ትምህርት ቤት

የፕሮግራም ጸሐፊዎች ስለ ሮቦት ሊመካከሩ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ አውቶሞቢል አይታይም፤ ያለ ነጂ መሄድን የሚማረው አውቶሞቢል ከነመንገዱ በኮምፒዩተር ውስጥ የተሣለ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የወጣው፣ ካርላ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዝናሙንም ሌሊቱንም እንደ ፈቃዳቸው ያመጣላቸዋል። በዚያ ሺህ ጊዜ ቢጋጭ ሐዘን የሚቀመጥ ቤተሰብ የለም። ይሁን እንጂ አውቶሞቢሉ የሚያውቀው ሠሪው ያሰበለትን ያህል ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝም ከዝናሙ ይልቅ የሚከብደው እግረኛው ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ ማርች 18 ቀን፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ አንዲት ሴት በምሽት ብስክሌት እየገፋች መንገድ ስታቋርጥ በሙከራ ላይ የነበረ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ገጭቶ ገደላት። መሣሪያው ከ5 ሴኮንድ በፊት አይቷት ነበር፤ አንድ ጊዜ መኪና፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት አላት እንጂ ሰው አላላትም። ከማቋረጫው ውጭ የሚሻገር እግረኛ እንዲጠብቅ አልተሠራም ነበርና።