አጥቂ ከመግዛት በፊት በረኛውን ማየት!

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሬያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን አመጣ፤ በዚያው ሰሞን ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ለቀቀ። ማሊያው ተቸበቸበ፣ ፎቶውም አማረ። ተከላካዮቹን የሚሸፍን ሰው ግን አልነበረም። የስፔን ሊግ ዋንጫ ወደ በርናባው የተመለሰው ከአራት ዓመት በኋላ በ2007 ነው። ሊቨርፑል በአንጻሩ በ2018 የኪየቭ ፍጻሜ በበረኛው ስህተት ከተቃጠለ በኋላ ገንዘቡን ይዞ ወደ አሊሰን ሄደ፤ ቫን ዳይክን ከዚያ በፊት በጥር አስፈርሞት ነበር። በ2019 ዋንጫው አንፊልድ ገባ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ቢፈለግ አይገኝም። ነገር ግን ያ ሻይ ቤት ተቀምጦ የፔሬዝን ስህተት ሲተነትን የሚያመሸው ወጣት፣ የራሱን የተራራ ሳይክል ሊያሻሽል ገበያ ሲወጣ ራሱ ፔሬዝን ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ምን ይገዛል? የሚያብረቀርቅ የኋላ ማርሽ መለወጫ፣ ቀይ ፔዳል፣ ‹‹ካርቦን›› የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መሪ። ሳይክሉ ቆሞ ሲታይ ያስቀናል። ከዚያ በዚያው ባለቀ ጎማና ሸራው ብረት በነካ ፍሬን ከእንጦጦ ቁልቁል ይለቀዋል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ መስቀል አደባባይ ከ2,300 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። በመሃል ያለው ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብስክሌት ይዞ ወደዚያ መውጣት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ጉዳዩ የፋሽን ብቻ አይደለም፤ የጥርስና የአጥንት ጉዳይ ነው።

‹‹ትሬይል›› የሚባለው የተራራ ሳይክል በኳስ ቋንቋ ከሳጥን እስከ ሳጥን የሚሮጠው አማካይ ማለት ነው። እንደ እሽቅድምድም ሳይክሉ ቀላል አይደለም፣ ቁልቁለት ብቻ እንደሚወርደውም ግዙፍ አይደለም፤ ዳገቱንም ይወጣል፣ ድንጋዩንም ይወርዳል። አሞርዛተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ይታጠፋል። ሁሉን የሚሠራ በመሆኑ አንዱን ጎን ብቻ ከመጠን በላይ ማሳመር ሌላውን ያጎድላል።

መነሻው ጎማ ነው። ሳይክሉ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ባነሱ ሁለት የላስቲክ ቁራጮች ብቻ ነው። መታጠፉም፣ መቆሙም፣ ዳገት መቧጠጡም በዚያች በኩል ያልፋል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ውድድሩ መሃል ላይ ጎማው ተንፍሶበት ከግማሽ ደቂቃ በላይ ተበልጦ ነበር፤ ቀይሮ፣ አሳድዶ፣ በመጨረሻው ዙር ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮሬትስኪን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። እሱ ግን መካኒክ ጎማ ይዞ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጎማው የተነፈሰበት ልጅ ሳይክሉን እየገፋ እስከ ሽሮ ሜዳ ነው የሚወርደው።

ሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው ከፊቱ ይጀምር። የኋላው ቢንሸራተት ሰው ራሱን ማዳን ይችላል፤ የፊቱ ከከዳ ግን መሬት መሳም ነው። በዚህ ምክንያት ነው ልምድ ያላቸው ጋላቢዎች ፊት ለፊት ጥርሱ ትልልቅና ላስቲኩ ለስለስ ያለ፣ ከኋላ ደግሞ ጥርሱ አጠር ያለና ፈጥኖ የሚሽከረከር ጎማ የሚያስሩት። ስፋቱ ከ2.3 እስከ 2.5 ኢንች ለትሬይል ይበቃል። የክረምቱን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ደግሞ ጥርሶቹ ተራርቀው የተተከሉትን ይመርጣል። ተጠጋግተው የተደረደሩት ጭቃ ጠቅጥቀው ይይዙና ጎማው ዶናት ይሆናል።

ሌላው በነፃ የሚገኝ ማሻሻያ የነፋሱ መጠን ነው። ጎሚስታ ቤት ‹‹ሙላልኝ›› ከተባለ እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ነው የሚሰጠው፤ ይህ ለአስፋልት እንጂ ለተራራ አይሆንም። የጠነከረ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል እንጂ አይነክስም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የውስጥ ጎማ በሌለው በ2.4 ኢንች ጎማ ላይ ከ22 እስከ 26 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ጀምሮ መሞከር ይችላል፤ የውስጥ ጎማ ካለው ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ አለበለዚያ ድንጋይ ሲመታ ላስቲኩ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ይበሳል። የውስጥ ጎማውን አውጥቶ በምትኩ ፈሳሽ ማስቲሽ የሚጨመርበትን ‹‹ቱብለስ›› የሚባለውን ዘዴ ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1999 ለተራራ ሳይክል አመጣው። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ግን ቸርኬውም ጎማውም ለዚሁ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ፈሳሹም በጥቂት ወራት ይደርቃልና መጨመር ያስፈልጋል። አንዴ አድርጎ ዓመት ሙሉ የሚረሳው ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

ከጎማ ቀጥሎ ፍሬን። በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ የተጀመረውና የዚህ ስፖርት አባት የሆነው የቁልቁለት ውድድር ስሙ ‹‹ሪፓክ›› ነበር። ለምን ቢሉ፣ የዚያን ጊዜዎቹ አሮጌ ሳይክሎች ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ስለነበራቸው አንድ ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይተናል፤ እንደገና ፈትቶ መሙላት ግድ ይላል። ስሙ ከዚያ መጣ። እንግዲህ ይህ ስፖርት ሲወለድ ጀምሮ ችግሩ መቆም ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ዲስክና ዘይት አለ። ሽቦ የሚጎትተው ዲስክ ፍሬን ያለው ሰው ወደ ዘይት ፍሬን መሸጋገሩ ካወጣው ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ይጠቅመዋል። ዘይት ፍሬን ያለው ደግሞ ሙሉውን ከመቀየሩ በፊት የፊቱን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ቢያሳድግ (የፊት ሹካው የሚፈቅድ ከሆነ) በጥቂት ወጪ ትልቅ ለውጥ ያያል። ሸራ ሁለት ዓይነት ነው። ሬዚን የሚባለው ድምፅ የለውም፣ ቶሎ ይይዛል፣ ጭቃ ላይ ግን ሳሙና ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ብረት የተቀላቀለበት ሙቀት ይችላል፣ ይበረክታል፣ ትንሽ ይጮሃል። ርካሽ ዲስኮች ላይ ግን ‹‹ለሬዚን ብቻ›› ተብሎ የተቀረጸ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብረት ሸራ ከታሰረባቸው ይበላሉ። ያቺን ጽሑፍ ማንበብ ገንዘብ አያስከፍልም።

የዘይቱ ነገር ከዚህም ይከፋል። የሺማኖ ፍሬን በማዕድን ዘይት ነው የሚሠራው፤ አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ ለዓመታት ‹‹ዶት›› የሚባለውን፣ መኪና ላይ የሚታወቀውን ዓይነት ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ‹‹ዘይት ዘይት ነው›› ብሎ አንዱን በሌላው የሚሞላ ሰው የውስጥ ላስቲኮቹን ያበላሻል፤ ፍሬኑም አንድ ቀን፣ ያውም በማይሆን ቦታ፣ እጅ ላይ ይሰምጣል። ፍሬን፣ ካቴና፣ ጎሚስታ እያልን ቃሉን ከጣሊያን እስከ ወሰድን ድረስ ጥንቃቄውንም ከአንድ ቦታ ማምጣት ነበረብን።

አሞርዛተርን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያውቀው ‹‹ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ›› የሚለውን ብቻ ነው። የነፋስ አሞርዛተር የጋላቢውን ኪሎ ተመልክቶ መስተካከል አለበት። ሰውዬው ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ተሸክሞ ሲቀመጥ የፊቱ ከጠቅላላ ርዝመቱ 20 በመቶ ገደማ፣ የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ መስመጥ ይኖርበታል። ለምሳሌ 140 ሚሊ ሜትር የሚታጠፍ የፊት አሞርዛተር 28 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰምጥ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአሞርዛተር ፓምፕና ማስመሪያ ነው፤ ፓምፑንም ለአምስት ጓደኛ አንድ መግዛት ይበቃል። አዲስ አሞርዛተር ያስፈልገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ግማሹ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ተከፍቶ ዘይቱ ያልተቀየረለትን አስከፍቶ ማሳጠብ። በእርግጥ ከሞላ በቀር ምንም የሌለውን ተራ አሞርዛተር መቀየር ተገቢ ነው፤ ‹‹ረጅሙን ስጠኝ›› ማለት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። የፊቱ በ20 ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር የመሪው ማዕዘን አንድ ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፣ በፍሬሙ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። ፋብሪካው ያስቀመጠው ገደብ አለ።

ኮርቻን በመሪው ላይ ባለች ቁልፍ ዝቅና ከፍ የሚያደርገው ‹‹ድሮፐር›› የሚባል ዘንግ ለብዙዎች ቅንጦት ይመስላል። ስሎቬኒያዊው ማቴይ ሞሆሪች በ2022 ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የሚላን – ሳንሬሞ የአስፋልት ውድድር ላይ ይህንኑ የተራራ ዕቃ አስሮ መጣ፤ በፖጆ ቁልቁለት ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ጥሎ ሄደና አሸነፈ። አስፋልት ላይ እንዲያ ከጠቀመ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው። ትሬይል ሳይክል ላይ ከማርሽ በፊት ሊገዛ የሚገባው ይህ ነው።

ማርሽ የዚህ ቡድን አጥቂ ነው። ማሊያው የሚሸጠው የእሱ ነው፤ ሁሉም ስሙን ያውቃል። ስራም በ2012 የፊቱን ጥርስ አንድ ብቻ አድርጎ ከኋላ 11 ከደረደረ ወዲህ ዓለም ተከተለው፤ ዛሬ 12 ነው። ሺማኖ በ2020 ያወጣው ባለ 12 ዲኦሬ ከ10 እስከ 51 ጥርስ አለው፤ ይህም ከኩባንያው ውድ ዕቃ ከኤክስ ቲ አር ጋር እኩል ነው። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ግራም ነው። እሁድ ጠዋት እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ያ ግራም ከበላው ጥብስ አይበልጥም። ይልቅ ካቴናው ሲለጠጥ በጊዜ መቀየር ይበጃል። መለኪያው 0.5 በመቶ ካሳየ ባለ 12ቱ ካቴና ጊዜው አልፏል። ያንን ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው የኋላውን ጥርሶች ሁሉ ያስበላና በአንድ ካቴና ዋጋ ፋንታ ሙሉውን ይከፍላል።

ክለብ ተጫዋች ሲያስፈርም መጀመሪያ የሕክምና ምርመራ ያደርጋል። ሳይክልም ምርመራ አለው፤ ብዙ ብር የሚቃጠለው ይህ ሲዘለል ነው። የኮርቻው ዘንግ 30.9 ነው ወይስ 31.6 ሚሊ ሜትር? የሹካው አንገት ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የሚሰፋ? አክሰሉ በፍጥነት የሚፈታው ቀጭኑ ነው ወይስ 15 ሚሊ ሜትሩ? የኋላው ሞዞ የየትኛውን ኩባንያ ጥርስ ይቀበላል? በካሊፐር ያልለካ ሰው ‹‹ይገባል፣ አይገባም›› እያለ ሲሟገት ውሎ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል። ተለክቶ የተገዛ ሁለተኛ እጅ ዕቃ ሳይለካ ከተገዛ አዲስ ይሻላል።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። ስህተት ድሮም ያስከፍላል፣ አሁን ግን ወር ደመወዝ ያስከፍላል። ፍሬሙ ራሱ ደካማ የሆነን ሳይክል በውድ ዕቃ ማስጌጥ ደግሞ ወራጅ ክለብ ውስጥ ሮናልዶን እንደማስገባት ነው፤ የሚጨመረው ዕቃ ድምር ከተሻለ ሳይክል ዋጋ ጋር ከተቀራረበ አሮጌውን ሸጦ የተሻለውን መግዛት ይሻላል።

ነጋዴዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ዲስኩ ለየትኛው ሸራ እንደተሠራ፣ ፍሬኑ የትኛውን ዘይት እንደሚጠጣ ለገዢው መንገር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክን ስትጀምር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ይዛ የሄደች ናት፤ በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለሳይክል ባዳ አይደለችም። ‹‹ኦሪጅናል ነው፣ ውሰደው›› ብሎ ነገር ግን ለአንድ ደንበኛ አይበቃውም፤ ገዢውም ሸራውን አውጥቶ ጀርባውን ሳያይ፣ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ሳያነብ ብሩን ባይቆጥር ነጋዴው ሳይወድ በግድ ይማራል።