መስመሩ ሲቋረጥ የሚቀረው ሥራ የማን ነው?

አንዲት የመረጃ ባለሙያ ሜሪላንድ ተቀምጣ አዲስ አበባ በሚገኝ ሰርቨር ላይ አራት ሰዓት የሚፈጅ የመረጃ ጭነት አስጀመረች እንበል። ሥራው ሲጋመስ መስመሩ ይጠፋል። ተመልሳ ስትገባ የሚቀበላት ባዶ ስክሪን ነው፤ ሥራው አብሮ ሞቷል ብላ ትደመድምና ከመጀመሪያው ታስነሣዋለች። የፊተኛው ግን አልሞተም። ሁለት ሂደቶች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እየተሻሙ ይጽፋሉ፤ በማግስቱ በሚቀርበው ሪፖርት አንዳንዱ መዝገብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ይህን መሰሉ ነገር ብዙውን ጊዜ የቴክኒክ ክፍሉ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። በመሠረቱ ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው፦ ባለቤቱ ከመስመር ሲጠፋ የጀመረው ሥራ ይቀጥል ወይስ ይቁም? የሚወስነውስ ማን ነው?

ዩኒክስ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ በስልክ መስመር ዘመን የተቀረጸ ነው። ተርሚናሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሞደም ሲገናኝ፣ ስልኩ ከተዘጋ ሥርዓቱ «ሲግሀፕ» የተባለውን ምልክት ይልካል፤ ስያሜውም ስልክ መዝጋትን የሚያመለክት ነው። ምልክቱ የደረሰው ሂደት ሌላ መመሪያ ካልተሰጠው ይቆማል። እንዲቀጥልለት የሚፈልግ ሰው «ኖሃፕ» በተባለው ትእዛዝ አስቀድሞ ያስታውቃል። ዝም ያለ ሰው ሥራው እንዲቆም እንደፈቀደ ይቆጠራል ማለት ነው።

ኢንተርኔት ይህን መርሕ አደበዘዘው። ስልክ ሲዘጋ ይታወቃል፤ የኢንተርኔት ግንኙነት ግን የስንብት መልእክት ሳይለዋወጥ ከተቆረጠ በሌላው ጫፍ ያለው ሰርቨር ዝምታን ከመቋረጥ መለየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ፣ ዝም ያለ መስመርን መፈተሽ በነባሪነት እንዳይበራ፣ ሲበራም የመጠበቂያው ነባሪ ጊዜ ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ ደንግጓል። ጊዜያዊ ብልሽት ደኅናውን ግንኙነት እንዳያፈርስ በመስጋት ነው። ሊኑክስ ዛሬም በዚሁ ልክ ይሄዳል፦ 7200 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ይጠይቃል፤ ሲደመር ከ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ በላይ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤች ከዚህ የፈጠነ የራሱ መጠየቂያ ቢኖረውም፣ በሰርቨሩ በኩል አስተዳዳሪው ካላበራው ነባሪው ዜሮ ነው። የሜሪላንዷ ባለሙያ ተመልሳ ስትገባ፣ ሰርቨሩ ወደ እርሷ የሚልከው ነገር ካልነበረው፣ መሄዷን እንኳ ገና አላወቀም።

በሌላው ጽንፍ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 የወጣው የሲስተምዲ 230ኛ እትም ይገኛል። እትሙ ተጠቃሚው ሲወጣ ከመግቢያው ጋር የተያያዙ ሂደቶቹ በነባሪነት እንዲገደሉ አደረገ። የአዘጋጆቹ መከራከሪያ የሚናቅ አልነበረም፤ ብዙዎች በሚጋሩት ማሽን ላይ የወጣ ሰው ትቶት የሄደው ሂደት ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፣ ለደኅንነትም ያሰጋል። ዱላው ግን ኖሃፕን፣ ስክሪንን ወይም ቲመክስን ተጠቅመው ሥራቸው እንዲቀጥል በግልጽ ባስታወቁት ላይም አረፈ። ለአሥርት ዓመታት የተከበረ ስምምነት በአንድ የቅንብር መስመር ተሻረ። ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ ደቢያንም በራሱ ሥርጭት ውስጥ የቀድሞውን ነባሪ መለሰ።

ደቢያን ትክክል ነበር። አብዛኛው ሰው ነባሪ ቅንብርን ስለማይነካው፣ ነባሪው በተግባር ሕግ ነው፤ የዚህን ሕግ ዋጋ አብዝቶ የሚከፍለው ደግሞ መስመሩ ደጋግሞ የሚቆረጥበት ሰው ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ በአውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ ሥራ ያስጀመረ ሰው፣ የሥራውን ዕጣ የሚወስንለት እርሱ አይቶት የማያውቀው ቅንብር ነው። አስተማማኝ መስመር ያለው የቅንብሩ ጸሐፊ ይህን ሰው አስቦት ይሆን?

ይህ ሲባል የሞተ መስመር ሁለት ሰዓት ይጠበቅ ማለት አይደለም። የመስመሩ ሞትና የሥራው ሞት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሰርቨሩ በየ60 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ ግንኙነቱን ይዝጋ፤ በቲመክስ ውስጥ የተጀመረው ሥራ ግን ባለቤቱ እስኪመለስ ይቆይለት። በቲመክስ ሳይሆን በተራ ተርሚናል የተጀመረው ሥራ በሲግሀፕ ቢቆም ቅሬታ የለውም፤ ደንቡ ቀድሞም ይኸው ነበር።

ቅሪት የተገኘ እንደሆነ የብዙ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደ 9 ቁጥር ምልክት ይፈጥናል። ይህ ምልክት ለሂደቱ ፋይሉን ጽፎ የሚጨርስበት፣ ቁልፉን የሚፈታበት ፋታ አይሰጠውም፤ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ትቶ ያልፋል። አስቀድሞ በ«ፒኤስ» ትእዛዝ የሂደቱን ባለቤት፣ የተነሣበትን ሰዓትና ወላጁን ማየት ይገባል። ወላጁ 1 ቁጥር ሆኖ በተርሚናሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከታየ ሂደቱ ወላጁን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ብቻውን የጥፋተኝነት ማስረጃ አይሆንም፤ የሰርቨሩ መደበኛ አገልግሎቶችም መልካቸው ይኸው ነው። ዞምቢ የሚባለው ደግሞ ከሞተ የቆየ፣ በመዝገብ ላይ ስሙ ብቻ የቀረ ስለሆነ ምንም ምልክት ቢላክለት አይሰማም፤ መጠየቅ ያለበት ወላጁ ነው። የዲስክ ወይም የኔትወርክ ማከማቻ መልስ እየጠበቀ የተያዘም አለ፤ እርሱ መልሱ እስኪመጣ 9 ቁጥርም አይነካውም። ከእነዚህ ያልሆነውን፣ ባለቤቱ ከተጠየቀ በኋላ፣ በ15 ቁጥር ምልክት እንዲያቆም መጠየቅና ጥቂት መታገሥ፣ 9 ቁጥርን ለመጨረሻ ማቆየት ነው።

ከውጭ አገር ሆነው የአገር ቤት ተቋማትን ሰርቨር የሚደግፉ ባለሙያዎች በውላቸው ውስጥ የይለፍ ቃልና የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ያሰፍራሉ። ባለቤቱ ከመስመር የጠፋ ሂደት ለስንት ሰዓት እንደሚጠበቅና የመግደል ሥልጣኑ በየትኛው ወገን እጅ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽም አብሮ መስፈር አለበት።