ቀስ ብለን እንሂድ

ባለፈው ቅዳሜ የክበባችን ልጆች ከዓባይ ድልድይ ተነስተን፣ የወንዙን ዳር ይዘን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በእግር ሄደን ነበር። የተባልነው ሽርሽር ነበር፤ የሆነው ግን እሽቅድምድም!

እኔ አስም ስላለብኝ ቶሎ ቶሎ መሄድ አልችልም። ወደ ኋላ ቀረሁ። የጠበቀችኝ አንዷ ጓደኛዬ ብቻ ናት። እውነቱን ለመናገር እኛ ብዙ ነገር አየን፦ ደንገል የተሸከመ ሰውዬ፣ ውሃው ውስጥ ሆኖ ጆሮውን ብቻ ያወጣ ጉማሬ። እናንተ አያችሁት? ግን ፈርተንም ነበር። ጉማሬ ከውሃ ከወጣ አደገኛ ነው፤ መምህራኖቻችን ደግሞ ሁሉም ፊት ነበሩ። ስንደርስ ሌሎቹ ዳቧቸውን በልተው ጨርሰዋል። ገና ቁጭ ከማለታችን "ተነሱ፣ እንመለስ" ተባለ። አንድ ልጅማ "ካልቻልሽ ለምን መጣሽ?" አለኝ። (ስሙን አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል።) የመጣሁት ዓባይን ለማየት ነዋ!

በእኔ አስተያየት ቀስ ብሎ የሚሄድ ልጅ ፊት ይሁን፤ አንድ መምህር ደግሞ ከመጨረሻው ልጅ ጋር ይሁኑ። የመጨረሻው ልጅ ደርሶ፣ በልቶ፣ ሳያርፍ ማንም አይነሳ። ቀጣዩ ጉዞ ጢስ ዓባይ ነው ተብሏል። እዚያ ድረስ በመኪና ነው፤ እስከ ፏፏቴው ግን በእግር ነው። እኔ ተመዝግቤያለሁ።